ገደል ላይ ያለ ርስት፤ ስለ ሞዘል ነጭ ወይን ጠጅና ስለ ባለቤቶቹ

ስለ ወይን ጠጅ ሲነሣ ከጓደኞቻችን አብዛኞቹ የሚያስቡት ስለ ብርጭቆው ብቻ ነው። ጣፋጭ ነው ወይስ ደረቅ? ቀይ ነው ወይስ ነጭ? ዋጋውስ ስንት ነው? ከዚህ አልፎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከብርጭቆው ወደ በርሜሉ፥ ከበርሜሉም ወደ መሬቱ ወጥተን፥ መሬቱን የያዘው ሰው ማን እንደ ሆነና በምን እንደሚኖር ለመመርመር እንፈልጋለን። ነገሩ የጠጪ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የእርሻ ተማሪ ስለ አፈር፥ የኬሚስትሪ ተማሪ ስለ መፍላት፥ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ስለ ገበያ፥ የሕግ ተማሪ ስለ ውርስና ስለ ስም ባለቤትነት የሚማረው ሁሉ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል።

ለምሳሌ የመረጥነው በጀርመን አገር በሞዘል ወንዝ ዳር ያሉትን ትናንሽ የቤተ ሰብ የወይን ርስቶች ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ጥቂት ሄክታር ገደል ብቻ ያለው አንድ ቤተ ሰብ፥ ሜዳውን በመኪና እያረሰ በሚሊዮን የሚቈጠር ጠርሙስ ከሚሸጥ ነጋዴ ጋር ተወዳድሮ እንዴት ሊኖር ይችላል? ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አገሩና ድንጋዩ

ሞዘል ከፈረንሳይ አገር ከቮዥ ተራሮች ይነሣል። የሉክሰምበርግን ድንበር ታክኮ ወደ ጀርመን ይገባና ኮብሌንዝ በምትባለው ከተማ ከታላቁ የራይን ወንዝ ጋር ይገናኛል። መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይሄዳል። ወይን በዚህ ሸለቆ አዲስ ነገር አይደለም። ሮማውያን የትሪየርን ከተማ ታላቅ የመንግሥት መቀመጫ ባደረጉበት ዘመን፥ በአራተኛው መቶ ዓመት፥ ባለቅኔው አውሶንዮስ ስለ ወንዙና ስለ ወይኑ በላቲን ግጥም ጽፏል። ኖይማገን በምትባለው መንደርም በርሜል የጫነች ጀልባ የተቀረጸችበት የሮማውያን የመቃብር ድንጋይ ተገኝቷል።

የሆነ ሆኖ ቦታው ለወይን የሚመች አይመስልም። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 50 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ብርዱ ብዙ፥ ፀሐዩም ደካማ ነው። ታዲያ ወይኑ እንዴት ይበስላል? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ፀሐይ ዝቅ ብላ በምትሄድበት አገር ሜዳ የሚያገኘው ጨረር በአግድም የተበተነ ነው፤ ወደ ደቡብ የተመለከተ ገደል ግን ጨረሩን ፊት ለፊት ይቀበላል። ስለዚህ ገደሉ በቀጠነ ቍጥር ሙቀቱ ይበዛል። ብሬም በምትባለው መንደር ያለው ካልሞንት የተባለው ተራራ 65 ዲግሪ ያህል የቆመ በመሆኑ፥ በአውሮፓ ከሁሉ ይልቅ ቀጥ ያለ የወይን ቦታ ነው ይባላል። ሁለተኛ፥ መሬቱ አፈር ከመባል ይልቅ ድንጋይ ቢባል ይሻላል። ስሌት ይሉታል፤ በድሮ ዘመን የፈረንጅ ልጆች ይጽፉበት የነበረው እንደ ገበታ እየተሰነጠቀ የሚወጣው ጥቁር ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ለሐረጉ ይመልስለታል። ሦስተኛ፥ ወንዙ ራሱ ብርሃን ያንጸባርቃል፤ የሸለቆውንም ውርጭ ያለዝባል።

በዚህ ላይ የሚተከለው ከሁሉ የበለጠው ዘር ሪዝሊንግ ይባላል። ሪዝሊንግ በጽሑፍ ተመዝግቦ የተገኘው በ1435 በራይን አጠገብ ነው። በ1787 ደግሞ የትሪየር ገዢ የነበሩት ሊቀ ጳጳስ ክሌመንስ ቬንትስላውስ መጥፎው ዘር ተነቅሎ በሪዝሊንግ እንዲተካ አዋጅ አወጡ። ሪዝሊንግ ብርድን ይችላል፤ ነገር ግን ዘግይቶ የሚበስል ነው። ባለቤቱ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ዝናብ ቢመጣበት ዘለላው ይበሰብስበታል፤ ቸኩሎ ቢለቅም ጠጁ ይጐመዝዝበታል። የዓመቱ ኑሮ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከዘለላው እስከ በርሜሉ

ነጭ ወይን ጠጅ ከነጭ ወይን ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የወይን ቀለም የሚገኘው በልጣጩ ነው፤ ጭማቂው በአብዛኛው ቀለም የለውም። ቀይ ወይን ጠጅ ከነልጣጩ ሲፈላ፥ ነጩ ግን አስቀድሞ ይጨመቅና ልጣጩ ተጥሎ ጭማቂው ብቻ ይፈላል።

የመፍላቱ ነገር ለእኛ እንግዳ አይሆንም። ብርዝ ሲቀመጥ ወደ ጠጅ እንደሚለወጥ ሁሉ፥ የወይን ጭማቂም እርሾ ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮልና ወደ አየር ይለውጠዋል። በሞዘል ዕቃው የጥንት ዓይነት ከሆነ፥ ፉደር የሚባል 1,000 ሊትር ገደማ የሚይዝ የእንጨት በርሜል ነው። ክረምቱ ሲመጣ ጓዳው ስለሚቀዘቅዝ እርሾው ደክሞ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ ያልተበላ ስኳር ይቀራል፤ አልኮሉም ከመቶ 8 ገደማ ብቻ ይሆናል። ጣፋጭነቱ ግን አያሰለችም፤ የሪዝሊንግ ጕምዛዜ ከስኳሩ ጋር ሚዛን ይገጥማልና። ጥሩ የሞዘል ነጭ ወይን ጠጅ በዚህ ሚዛን ምክንያት ሠላሳና አርባ ዓመት ተቀምጦ ሊጠጣ ይችላል።

የስኳሩን መጠን ለመለካት ጀርመኖች የሚጠቀሙበት መሣሪያ በፌርዲናንድ ኧክስለ ስም ይጠራል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1,000 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ጭማቂ 1,070 ግራም ቢመዝን፥ ትርፉ 70 ስለ ሆነ ጭማቂው 70 ኧክስለ ነው ይባላል። በዚህ ልክ ወይኑ ደረጃ ይሰጠዋል። ቀለል ያለው ካቢኔት፥ ዘግይቶ የተለቀመው ሽፔትሌዘ፥ እየተመረጠ የተለቀመው አውስሌዘ ይባላል። ከሁሉ በላይ ያለው ዘለላው ላይ ልዩ ሻጋታ ወጥቶበት እንደ ዘቢብ ከደረቀ ፍሬ የሚጨመቀው ነው፤ ጭማቂው ቢያንስ 150 ኧክስለ መሆን አለበት። ፍሬው በሐረጉ ላይ እንዳለ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ቀዝቅዞ እንደ በረዶ ከደረቀ በኋላ የሚጨመቀው ደግሞ አይስቫይን ወይም የበረዶ ወይን ይባላል።

ይህን የኧክስለ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ ላይ የብዙ ክርክር ምንጭ ሆኖ እናገኘዋለን።

ርስቱ ከየት መጣ?

በመካከለኛው ዘመን ከሞዘል ወይን መልካም መልካሙ ቦታ የገዳማትና የመሳፍንት ነበር። በ1794 የፈረንሳይ አብዮት ሠራዊት ትሪየርን ያዘ፤ ከዚያም በኋላ የቤተ ክርስቲያን ርስት ተወርሶ ለሽያጭ ወጣ። ገንዘብ የነበረው የከተማ ሰውና ጠንካራ ገበሬ ገዛው። ለምሳሌ ዣን ዣክ ኮኽ የተባለው ሰው፥ የሞዘል ገባር በሆነው በዛር ወንዝ አጠገብ፥ የአንድ ገዳም የነበረውን ሻርዝሆፍ የተባለውን ርስት በ1797 ገዛ። ይህ ርስት በሴት ልጁ በኩል ወደ ሙለር ቤተ ሰብ አልፎ እስከ ዛሬ በዘሩ እጅ ይገኛል።

ፈረንሳዮች ከሽያጩ ጋር ሌላ ነገር ትተው ሄዱ፤ ይኸውም ርስት ለልጆች ሁሉ እኩል እንዲከፈል የሚያዘውን የናፖሌዎንን ሕግ ነው። ሕጉ ፍትሐዊ ነው። የበኵር ልጅ ሁሉንም ወስዶ ታናናሾቹ ባዶ እጃቸውን አይወጡም። ነገር ግን አያት የነበረው ገደል በልጅ ጊዜ በአራት፥ በልጅ ልጅ ጊዜ በዐሥራ ስድስት ሲከፈል፥ አንዱ ቤተ ሰብ በአንድ ተራራ ላይ ሁለት መስመር ሐረግ፥ በሌላው ላይ ሦስት መስመር ብቻ ይዞ ይቀራል። ርስት በውርስ እየተቈራረሰ ሲያልቅ ያየ አገር ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የፕሩም ቤተ ሰብ ታሪክ ይህን ያሳያል። ዮዶኩስ ፕሩም የተባለው የዚህ ቤተ ሰብ ሰው በ1842 ቬለን በምትባለው መንደር ፊት ለፊት ባለው ገደል ላይ፥ ሠራተኞች የምሳና የመውጫ ሰዓት እንዲያውቁ፥ ትልቅ የፀሐይ ሰዓት አሠራ። ቦታውም እስከ ዛሬ «የፀሐይ ሰዓት» ተብሎ ይጠራል። በ1911 ግን የቤተ ሰቡ ርስት ለሰባት ወራሾች ተከፈለ። ከሰባቱ አንዱ የነበረው ዮሐን ዮሴፍ ፕሩም በድርሻው ላይ የራሱን ቤት አቋቋመ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት በነጭ ወይን ጠጅ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። በዚህም ትንሽነት ብቻውን ጥፋት እንዳልሆነ እናያለን። ጥፋት የሚሆነው ትንሹ ሰው የምርቱን ስምና ዋጋ መጠበቅ ሲያቅተው ነው።

የሃያ አራት ዓመቱ ጋዜጠኛ

ናፖሌዎን ከወደቀ በኋላ በ1815 አገሩ ለፕሩስያ መንግሥት ተሰጠ። በመጀመሪያ የሞዘል ሰዎች ተጠቀሙ፤ የፕሩስያ ገበያ በቀረጥ ተጠብቆ ለእነርሱ ተከፍቶ ነበርና። ብዙዎቹም ተበድረው አዲስ ወይን ተከሉ። በ1834 ግን የጀርመን መንግሥታት የቀረጥ ማኅበር ሲያቋቁሙ፥ ከደቡብ የመጣው ርካሽ ወይን ገበያውን ሞላው። ዋጋ ወደቀ፤ ግብርና ዕዳ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ገበሬው ርስቱን ለአበዳሪ ለመስጠት ተገደደ።

በዚህ ጊዜ በኮሎኝ ከተማ ይታተም የነበረው «የራይን ጋዜጣ» ስለዚህ ችግር የሞዘል ዘጋቢው የላከውን ጽሑፍ አወጣ። የግዛቱ ሹም ተቈጥተው ማስረጃ እንዲቀርብ ጠየቁ። መልሱን የጻፈው የጋዜጣው አዘጋጅ፥ የትሪየር ተወላጅ የሆነው ካርል ማርክስ ነበር። ማርክስ ያን ጊዜ ገና 24 ዓመቱ ነው፤ አባቱም በትሪየር አጠገብ ጥቂት የወይን መሬት ነበራቸው።

በ1843 ጥር ወር የወጣው የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ገበሬው ተቸገርሁ ብሎ ሲያመለክት አቤቱታውን የሚመረምረው ያው የሚያስተዳድረው ሹም ነው። ሹሙ አስተዳደሩ መልካም ነው ብሎ ስለሚያምን፥ ጥፋቱ ከተፈጥሮ ወይም ከገበሬው ከራሱ ነው ብሎ ይፈርዳል። ገበሬው ደግሞ የራሱን ችግር ስለሚናገር ለጥቅሙ ያጋንናል ይባላል። ስለዚህ ሹምም ያልሆነ፥ ባለ ጉዳይም ያልሆነ ሦስተኛ ወገን፥ ማለት ነፃ ጋዜጣ፥ በመካከል ያስፈልጋል። ጋዜጣው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቈየም፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋ። ማርክስም በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ፥ ወደ ኢኮኖሚ ጥናት መጀመሪያ ከመሩት ነገሮች አንዱ የሞዘል ገበሬዎች ጉዳይ እንደ ነበረ ጽፏል። በኋላ የደረሰበትን ሐሳብ አንባቢ ቢቀበለውም ባይቀበለውም፥ መነሻው በፍልስፍና መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በወይን ገበሬ ዕዳም መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ስኳር፥ ስምና ሕግ

ችግሩን ለማቃለል ሌላ መንገድ የፈለገው የትሪየሩ ሉድቪግ ጋል ነበር። በመጥፎ ዓመት ወይኑ ሳይበስል ሲቀር፥ ከመፍላቱ በፊት ጭማቂው ላይ ስኳርና ውሃ ቢጨመር ሊጠጣ የሚችል ጠጅ እንደሚወጣ በ1850ዎቹ አስተማረ። ለድኻው ገበሬ ይህ መዳኛ ነበር። ነገር ግን ስኳርና ውሃ ለድኻ ብቻ የተከለከለ ስላልሆነ፥ ነጋዴውም በብዛት ተጠቀመበት። በገደል ላይ በላብ የበሰለውና በጓዳ በስኳር የተስተካከለው በአንድ ስም ይሸጥ ጀመር። ስኳር ያልጨመሩት ባለ ርስቶች ይህን በመቃወም በ1908 በትሪየር፥ በ1910 ደግሞ በመላው ጀርመን ማኅበር አቋቁመው «የተፈጥሮ ወይን» ያሉትን በጨረታ መሸጥ ቀጠሉ።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው ግን ከአጭበርባሪ ሳይሆን ከሕግ ነው። በ1971 ምዕራብ ጀርመን አዲስ የወይን ሕግ አወጣች። ዓላማው ነገሩን ለማቅለል ነበር። ከሃያ ሺሕ በላይ የነበሩት የቦታ ስሞች ወደ 2,600 ገደማ ተቀነሱ። በዚህ ብቻ ቢቆም መልካም ነበር። ሕጉ ግን ሁለት ነገር አደረገ።

አንደኛ፥ የወይኑ ደረጃ በስኳር ብቻ እንዲለካ ወሰነ። ቀደም ብለን የጠቀስነው ኧክስለ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ሪዝሊንግ በገደል ላይ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ተጨንቆ የሚያገኘውን ስኳር፥ ቶሎ የሚበስለው ሙለር ቱርጋው የተባለው ዘር በሜዳ ላይ በመስከረም ያገኘዋል። በመለኪያው ፊት ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በብርጭቆ ውስጥ ግን እኩል አይደሉም። ስኳር ብስለትን ያመለክታል እንጂ ጣዕምን አያመለክትም።

ሁለተኛ፥ ሕጉ «ግሮስላገ» ወይም ሰፊ ቦታ የሚባል ነገር ፈጠረ። አንድ ምሳሌ እንስጥ። ፒስፖርት በምትባለው መንደር በላይ «ጎልድትሮፕፍሸን» ወይም የወርቅ ጠብታ የሚባል ስመ ጥር ገደል አለ። በሕጉ መሠረት በዙሪያው ያሉት የብዙ መንደሮች መሬት፥ ሜዳው ሳይቀር፥ «ፒስፖርተር ሚኸልስበርግ» በሚል ስም እንዲሸጥ ተፈቀደ። እንግዲህ በለንደን ወይም በኒው ዮርክ ያለ ገዢ «ፒስፖርተር» የሚለውን ቃል በሁለቱም ጠርሙስ ላይ ሲያነብ፥ አንደኛው ከገደሉ፥ ሌላው ከሌላ መንደር ሜዳ መምጣቱን በምን ያውቃል? ርካሹን ይገዛል፤ ጠጁ ቀጭን የስኳር ውሃ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ የፒስፖርትን ስም ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። ስሙን ያከበሩት የገደሉ ሰዎች ነበሩ፤ ስሙ ሲዋረድም ዕዳውን የከፈሉት እነርሱው ናቸው። በ1985 ደግሞ በኦስትሪያ አንዳንድ ነጋዴዎች ጠጁን ወፍራምና ጣፋጭ ለማስመሰል ዲኤቲሊን ግሊኮል የተባለ ኬሚካል መጨመራቸው ሲገለጥ፥ ከዚያ ጋር የተደባለቀ ጠጅ በጀርመን አጣሪዎችም ዘንድ በመገኘቱ፥ እጃቸው ንጹሕ የሆነው ትናንሽ ቤቶች ሳይቀሩ በገበያ ተጐዱ።

ይህን ያህል ዓመት ከቈየ በኋላ በ2021 ሕጉ ተሻሻለ። አዲሱ ሐሳብ ወይኑ የመጣበት ቦታ እየጠበበ በሄደ ቍጥር ደረጃው ከፍ ይበል የሚል ነው። ከ2026 ምርት ጀምሮ ሰፊውን ስም የሚጠቀም ሰው «ክልል» የሚለውን ቃል ከፊቱ እንዲጽፍ ታዝዟል። ሀምሳ ዓመት የፈጀ እርማት ነው።

ዛሬ እንዴት ይኖራሉ?

በሜዳ ላይ በመኪና ለሚሠራ የወይን ቦታ አንድ ሄክታር በዓመት 300 ሰዓት ገደማ ሥራ ሲበቃው፥ በቆመ ገደል ላይ ግን ከ1,000 ሰዓት በላይ ይጠይቃል። መግረዙ፥ ማሰሩ፥ መልቀሙ ሁሉ በእጅ ነው። የተናደ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ላይ መመለስ አለ፤ በአንዳንድ ቦታ ሰውና ዕቃ በአንድ ሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ባቡር ይወጣል። ስለዚህ ሽማግሌው ሲደክም ልጁ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ገደሉም ለቍጥቋጦ ይተዋል። እርግጥ በ2015 በትሪየር ጨረታ ላይ ከሻርዝሆፍ የመጣ የ2003 ምርት አንድ ጠርሙስ ከ10,000 ኤውሮ በላይ ተሽጧል። ይህን ሰምቶ የሞዘል ሰው ሁሉ ባለጸጋ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። እንዲህ ያለው ጠጅ በጥቂት ዓመት አንድ ጊዜ፥ በጥቂት ጠርሙስ ብቻ የሚገኝ ነው።

የቀረው ቤተ ሰብ የሚኖርበት ዘዴ በአጭሩ ይህ ነው። ወይኑን ለትልቅ ነጋዴ በጅምላ አይሸጥም፤ ራሱ ያፈላል፥ ራሱ በጠርሙስ ይሞላል፥ ወረቀቱ ላይም በርስቱ የተሞላ መሆኑን ይጽፋል። ዋስትናው የሕግ ደረጃ ሳይሆን የራሱ ስም ነው። ከዚህም በላይ በዓመት እስከ አራት ወር ድረስ የገዛ ጠጁን በቤቱ እየቀዳ ለመሸጥ ሕግ ይፈቅድለታል። ለምልክት በደጁ ላይ ቅጠል ወይም መጥረጊያ ይሰቅላል። ጣሳ በእንጨት ሰክታ ከደጇ የምታቆመውን የእኛን ጠላ ሻጭ የሚያውቅ ሰው፥ በሞዘል መንደር ቢያልፍ አስተርጓሚ ሳይፈልግ ይገባል።

የአየር ለውጥም የራሱን ሂሳብ ይዞ መጥቷል። ከጥንት ጀምሮ አይበስል ይሆን እየተባለ የሚፈራው ሪዝሊንግ ዛሬ በአብዛኛው ዓመት ይበስላል፤ በዚህ በኩል ተጠቅመዋል። የ2019 ምርት ክረምት ግን ሞቃት በመሆኑ በመላው ጀርመን የበረዶ ወይን ሳይገኝ ቀርቷል።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

የሞዘል ጉዳይ ሩቅ ቢሆንም የስሙ ክርክር በእኛም ደጅ አልፏል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ከአንድ ታላቅ ቡና ሻጭ ኩባንያ ጋር የነበረውም ክርክር በ2007 በስምምነት አለቀ። ጥያቄው ከፒስፖርት ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ የአገር ስም የማን ሀብት ነው? ዘሩን ተክሎ ለለቀመው ነው ወይስ በጠርሙስና በቆርቆሮ ላይ አትሞ ለሚሸጠው?

ከእኛ መካከል ነገ ደረጃ የሚያወጡ፥ ሕግ የሚያረቁ፥ የእርሻ ምርት የሚመድቡ ይኖራሉ። «ለማቅለል» ተብሎ የሚቀርብ መለኪያ በፊታቸው ሲመጣ የ1971ን ሕግ ቢያስታውሱ እንወዳለን። መለኪያው ትክክል ነው፤ ኧክስለ አይዋሽም። ነገር ግን መለኪያው የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ሲሆንና ያንን ነገር በሜዳ ላይ በርካሽ ማግኘት ሲቻል፥ በገደል ላይ ያለው ሰው ምንም ሳያጠፋ ይሸነፋል። ስለዚህ ከቍጥሩ ጋር ገደሉንም ሄዶ ማየት፥ በገደሉ ላይ የሚሠራውንም ሰው መጠየቅ ይገባል።